በጁን ወንዝ አይገባም፦ ለማኅበራችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የማኅበራችን የቦርድ አባላት፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ እዚህ ኮሎራዶ፣ በማኅበራችን ስር፣ ለጀማሪዎች ፍላይ ፊሺንግ የምናስተምር በጎ ፈቃደኞች ነን። ፍላይ ፊሺንግ ማለት ነፍሳት በሚመስል፣ ከላባና ከፀጉር በተሠራ ማጥመጃ (ፍላይ) ዓሣ ማጥመድ ነው። ደብዳቤያችንን ግልጽ ያደረግነው ወደን አይደለም። በኢሜይል ጽፈን መልስ አላገኘንም። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅ አውጥተን "አጀንዳው ላይ የለም" ተባልን። እንግዲያውስ አባላቱም ይስሙት ብለን ነው።

ጉዳዩ የተነሣው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። የቅዳሜው ትምህርት ከሴፕቴምበር ወደ ጁን መጀመሪያ ተዛውሯል ይላል። በአንድ ዙር አርባ ሰው ይመዘገባል ይላል። በነፍስ ወከፍ ሃምሳ ዶላር ይከፈላል። የሴቶች ጠዋት የሚባለው፣ ለሴቶች ብቻ የምንሰጠው ትምህርት፣ ከዚህ በኋላ አይኖርም። የዕቃ ክፍላችንም ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ከዚህ ሁሉ ስለ አንዱም ማንም አላማከረንም። እኛም እንደ ማንኛውም አባል ስልካችን ላይ አነበብነው፤ ከሥሩ አውራ ጣትና ጭብጨባ ተደርድሮበት።

ምስጋናና ሙገሳው ለሌላ ቀን ይቆየን። በቀጥታ ወደ ቅሬታችን እንግባ።

ከሁሉም በፊት ወሩ። ማስታወቂያው ጁን የተመረጠበትን ምክንያት ጽፏል። ኮሎራዶ በየዓመቱ በጁን የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ማንም ሰው ያለ ላይሰንስ ዓሣ እንዲያጠምድ ትፈቅዳለች። እውነት ነው። ሰው ገንዘብ እንዳያወጣ ብላችሁ ማሰባችሁንም አንነቅፍም። ችግሩ ያለው ወንዙ ላይ ነው።

ከኖቬምበር ጀምሮ ተራራው ላይ ሲከመር የከረመው በረዶ ሜይና ጁን ላይ ቀልጦ ይወርዳል። ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ግንድ እየጎተተ ይመጣል። ውሃው ገና ከበረዶ የወጣ ስለሆነ እግር ያደነዝዛል። በጎልደን ከተማ መሃል የሚያልፈው ክሊር ክሪክ በዚህ ሰሞን ለዋናተኞችና በጎማ ለሚንሳፈፉ ሰዎች የሚታገድበት ጊዜ አለ። ዋናተኛ በሚከለከልበት ውሃ ውስጥ እኛ ወንዝ ገብተው የማያውቁ ሰዎችን ይዘን እንግባ?

ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የት ሄዶ ይዋኝ? ስለዚህ ከማጥመጃው ዘንግ በፊት የምናስተምረው የዌደር አለባበስ ነው። ዌደር ማለት እስከ ደረት የሚደርስ፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ነው። ወገቡ ላይ ቀበቶ አለው። ሰው ሲያየው ጌጥ ይመስለዋል። ግን ሰውየው ቢወድቅ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ እንዳይሞላ የሚያደርገው ያ ቀበቶ ነው። ቀጥሎ ደግሞ እንዴት እንደሚራመዱ እናሳያለን። እግር አይነሣም፣ ይንሸራተታል። ጎን ለወራጁ ውሃ ይሰጣል። ይሄን ጉልበት በማይደርስ የረጋ ውሃ ውስጥ ለማለማመድ እንኳ ግማሽ ጠዋት ይፈጃል። በሞላ ወንዝ ውስጥ አይሞከርም።

ሴፕቴምበር ላይ ያው ወንዝ ሌላ ነው። ውሃው ጎድሎ ይጠራል። ከሥር ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ ይታያል። ጀማሪው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያያል። ዳር ዳሩ ያለው ሣር በፌንጣ የተሞላ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ፌንጣው ውሃው ላይ ይወድቃል፤ የምናጠምደው፣ ትራውት የሚባለው ዓሣም ይሄን ያውቃል፣ ዳር ተጠግቶ ይጠብቃል። እኛም ክሩ ጫፍ ላይ ፌንጣ የሚመስል ትልቅ ፍላይ እናስራለን። ትልቅ ስለሆነ ጀማሪው ከሩቅ ያየዋል። ዓሣው ብቅ ብሎ ሲውጠውም በዓይኑ ያያል። ያንን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ደፍርሶ በሞላበት ወቅት ግን ዓሣው ከሥር ተደብቆ ነው የሚበላው። ለለመደ ሰው እንኳ ያስቸግራል። ጀማሪውማ ሙሉ ቀን ቡናማ ውሃ ላይ ክር ሲወረውር ውሎ "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ይሄዳል።

ጁላይና ኦገስትስ ካላችሁ፣ ያኔ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ተይዞ ቢለቀቅ እንኳ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ወንዝ መውረድ ነውር ነው።

"ሴፕቴምበር ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ አዳራሹ ይጨናነቃል" የሚል ነገርም ሰምተናል። እኛ አዳራሽ አልጠየቅንም። የእንቁጣጣሽን ሰሞን ሁልጊዜም ዘለን ነው የምናስተምረው። የጁኑ ነጻ ቀን እንዳያመልጠን ካላችሁ ደግሞ ለአዋቂዎች የኩሬ ቀን እናድርግ። ኩሬ አይሞላም፣ አይወስድም። በደስታ እንሠራዋለን። ለልጆቹ ግን ያ ቀን የሚጨምረው ነገር የለም፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በኮሎራዶ ዓመቱን ሙሉ ላይሰንስ አያስፈልገውም። ይሄን ማስታወቂያው አልጻፈም። ያነበቡ ወላጆችም እየደወሉ "ልጄ ከጁን ውጭ ማጥመድ አይችልም ማለት ነው?" እያሉ ይጠይቁናል።

አሁን ወደ አርባው ሰው እንምጣ።

አርባ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አልተነገረንም። ለገንዘብ ረጂዎች በሚላክ ሪፖርት ላይ ብዙ ሕዝብ ያለበት ፎቶ እንደሚያምር እናውቃለን። ግን እስቲ አንድ ጠዋት ምን እንደምንሠራ ስሙን።

በሌላው ዓይነት ዓሣ ማጥመድ ክሩ ጫፍ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ይታሰራል። ሲወረወር እርሳሱ ክሩን ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ፍላይ ግን ክብደት የለውም። ትንሽ መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ላባና ፀጉር ነው። ስለዚህ ክብደቱ ያለው ራሱ ክሩ ላይ ነው፤ የሚወረወረውም ክሩ ነው። ክሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ከኋላችን ተዘርግቶ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብን። ከዚያ ነው ወደ ፊት የሚላከው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያች መጠበቂያ ላይ ነው።

ባለፈው ሴፕቴምበር አንዲት እናት መጥተው ነበር። በግድ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። መናፈሻው ሣር ላይ ነበርን። በመጀመሪያው ሰዓት መንጠቆ አንሰጥም፤ ክሩ ጫፍ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ቁራጭ እናስራለን። እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ዘንጉን ያዙ። ከጎናቸው አንድ ጎረምሳ ነበር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ኡበር የሚነዳ። ገጠር ያደገ ልጅ ስለሆነ ዘንጉን እንደ ጅራፍ ነው ያየው። ባጮኸው ቁጥር ይደሰታል። ጅራፍ ማጮህ ለቡሄ ነው። ፍላይ ክር ሲጮህ ችኮላ አለ ማለት ነው፤ እውነተኛ ፍላይ ቢሆን ኖሮ ከጫፉ ተበጥሶ ሄዷል። ቀዩ ሱፍ በየጊዜው ጫማው ሥር ይወድቃል። እሱ ደግሞ እልህ ይዞታል፤ የበለጠ በጉልበት ይወረውራል።

እማማ ለትንሽ ጊዜ ቆመው ሲያዩት ቆዩ። "ልጄ፣ ምን ያጣድፍሃል?" አሉት። ከዚያ የራሳቸውን ዘንግ አነሡ። አንገታቸውን ዞር አድርገው ክራቸውን ከኋላቸው አዩት። ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠበቁት። ከዚያ ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። ቀዩ ሱፍ ከፊታቸው ርቆ ሄዶ ሣሩ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ ለመቅረጽ አልደረሰበትም። ጎረምሳው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከአስተማሪው ይልቅ እሳቸውን እያየ ነው የተማረው።

ይሄ የሆነው አንድ አስተማሪ ከሁለቱ ጎን ቆሞ ስለነበረ ነው። ክርኑን ያያል፣ የእጁን አንጓ ያያል፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን" ይላል። በድምፅ ማጉያ ለአርባ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ሣር ላይ አንድ አስተማሪ ለሦስት ሰው፣ ውሃ ውስጥ ለሁለት፣ ዋና ለማይችል ደግሞ አንድ ለአንድ። ያለን አስተማሪ የታወቀ ነው። በዚህ ስሌት አርባ ሰው ከየት ይመጣል?

ደግሞ መንጠቆው አለ። ክሩ ወደ ኋላ ሲሄድ መንጠቆውም አብሮ ነው የሚሄደው። በሁለት ተማሪዎች መካከል ሰፊ ቦታ ካልተተወ አንዱ የሌላውን ጆሮ ያገኛል። ለዚህ ነው ባርኔጣና መነጽር ግዴታ ያደረግነው። ለዚህ ነው የመንጠቆውን ሾህ በፒንሳ ጨፍልቀን የምንሰጠው፤ ሰውም ላይ ቢሰካ፣ ዓሣም ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ፎቶ ሊያነሣ ከኋላ የመጣ አንድ ወንድማችን ባርኔጣው ላይ ተሰክቶበታል። ባርኔጣውን እኛ ነን በግድ ያስደረግነው። የቦርድ አባል ስለሆነ ስሙን አንጠራም። ራሱ ግን ያስታውሳል ብለን እንገምታለን።

ስለ ክፍያው። ሃምሳ ዶላር ለአንዳንዱ ምንም አይደለም። ሦስት ልጆቿን ይዛ ለምትመጣ እናት ግን ሁለት መቶ ዶላር ነው። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለች እናት ነበረች፤ ማስታወቂያውን ካየች በኋላ ስሟን አስወጥታለች። ሌላም ወጣት አለ፣ እዚህ አገር ከገባ ገና ወራት ብቻ የሆነው። ኮሎራዶ ውስጥ የነዋሪ ላይሰንስ ለማውጣት ስድስት ወር በተከታታይ መኖር ያስፈልጋል። እሱ እስከዚያው የሚከፍለው የእንግዳውን ዋጋ ነው፤ ከነዋሪው በብዙ ይበልጣል። በዚያ ላይ የእኛ ሃምሳ ይታከልበት? ዘንጎቹ በስጦታ የተገኙ ናቸው። ዌደሮቹም እንዲሁ። አስተማሪዎቹ ለቤንዚን እንኳ አይጠይቁም። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ማስታወቂያው አይናገርም።

ከገንዘቡ ሌላ የሕግ ጥያቄም አለ። በኮሎራዶ ሰውን በክፍያ ዓሣ ለማስጠመድ የሚወስድ አካል በስቴቱ መመዝገብ አለበት። በነጻ ስናስተምር ይሄ ጥያቄ አይነሣብንም ነበር። ገንዘብ ከተቀበልን በኋላስ? ቦርዱ ጠበቃ አማክሯል? አማክሮ ከሆነ የተባለውን ይንገረን። በየስብሰባው ስለምትሉት ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። "ኢንሹራንሱ አይሸፍንም" ተባልን። ወረቀቱን አሳዩን ስንል ወረቀት የለም። ተማሪው ሁሉ የሚፈርመው የኃላፊነት ቅጽ አለን። የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው አለን። የጎደለ ነገር ካለ እናሟላለን። ግን በጽሑፍ ይነገረን።

የዕቃ ክፍላችን ነገር በጣም ነው ያበሳጨን። ክፍሉ የሠርግ ወንበሮች እንዲቀመጡበት ተፈለገ። እሺ፣ ወንበርም ቦታ ያስፈልገዋል። ግን ዕቃችን ሲወጣ አንድ ሰው እንኳ አልደወለልንም። ደርሰን ስናይ ዘንጎቹ የማሞቂያው ማሽን ካለበት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ከነሱ ላይ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ተጥሎባቸዋል። የዘንግ ጫፍ ከስኪሪብቶ ቀፎ የቀጠነ ነው። አንዳንዶቹ እዚያው ጫፍ ላይ ተሰብረዋል። ዌደሮቹ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ታጭቀው ታስረዋል። ፈትተን ስናወጣቸው ሻግተዋል፤ ስፌታቸው አካባቢ አረንጓዴ ነገር ወጥቶባቸዋል።

የፍላይ ሳጥኖቹን ከፈትን። በፎሙ ላይ በረድፍ የተሰኩት መንጠቆዎች ዝገው፣ ዝገቱ ላባው ላይ ወርዷል። እነዚያን ፍላዮች ያሰሯቸው ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ ጎረቤታችን ናቸው። በረዶ በሚጥልበት ማታ ቁጭ ብለው፣ በአጉሊ መነጽር፣ የኤልክ (የትልቅ አጋዘን) ፀጉርና የዶሮ ላባ እየጠመጠሙ። የእኛን ልጆች በስማቸው ነው የሚያውቋቸው። ምን ብለን እንንገራቸው?

ዌደሩን አድርቆ ማስቀመጥ የንጽሕና ጉዳይ ብቻም አይደለም። ከወንዝ ወደ ወንዝ ተባይና በሽታ የሚጓዘው በርጥብ ጫማ ነው። የኒውዚላንድ ቀንድ አውጣ የሚሉት፣ ከጥፍር የሚያንስ ነገር፣ ከ2004 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ አለ። አንዱ ብቻውን ይራባል። በ1990ዎቹ ደግሞ ዓሣን እያዞረ የሚገድል በሽታ የስቴቱን ሬይንቦ ትራውት ከብዙ ወንዞች ጠራርጎታል፤ እሱም በጭቃ ይተላለፋል። ለዚህ ነው ተማሪዎቻችንን ጫማቸውን በብሩሽ አጥበው፣ አድርቀው እንዲያስገቡ የምናስተምራቸው። አሁን የማድረቂያ ቦታ የለንም።

ስለ ሴቶቹ ጠዋት ደግሞ "ለምን ይለያሉ?" ተብሏል። መጀመሪያ እኛም ለይተን አልጀመርንም። የለየነው ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠይቁን ነው። ዌደር መልበስ በወንድ ፊት የማይመቻቸው አሉ። በድብልቁ ጊዜ ዘንጉን ለባላቸው ሰጥተው ቡና ለማፍላት የሚሄዱ ነበሩ፤ እኛም አይተናል። ለብቻቸው ሲሆኑ ቡናው በየተራ ይፈላል፣ ሁሉም ይወረውራል። በእኛ ትዝብት ሴቶቹ ቶሎ ይይዙታል። ጉልበት ስለማያስቀድሙ ይመስለናል።

ከመካከላቸው ከባድ ሕክምና ጨርሰው የመጡ አሉ። ማን እንደሆኑ አንጽፍም። እዚህ አገር ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ የሚባል ድርጅት አለ። በ1996 ነው የተመሠረተው፤ የጡት ካንሰር ያገኛቸውን ሴቶች በነጻ ፍላይ ፊሺንግ ያስተምራል። ክር ለመወርወር ክንድ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚታዘዘው የክንድ ማፍታቻ ጋር ይቀራረባል። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ፕሮጀክት ሂሊንግ ዋተርስ የተባለው የቆሰሉ ወታደሮችን እንዲሁ ያስተምራል። ሁለቱንም በዋናነት የሚያንቀሳቅሷቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛ እንደነሱ ነን አላልንም። ግን ለየት ያለ ጠዋት የሚያስፈልገው ሰው እንዳለ ሌሎች ካወቁት ቆይተዋል።

አንድ ነገር ይቀረናል። ጉባኤው ላይ አንድ የቦርድ አባል "ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ባህላችን አይደለም" ብለዋል። ብዙዎችም ሳቁ። ጣና ላይ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት የማን ባህል ሆኖ ነው? ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ቆሮሶ ያልበላ ሰው ስንት ነው? ትራውቱም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ አለ። ፍላይ ይዘው ወደዚያ የሚሄዱም አሉ። ደግሞስ የእግር ኳሱን ውድድር ማን አመጣው? እሱን ማንም ባህላችን አይደለም ሲል አልሰማንም።

እኚሁ ሰው "ይዛችሁ ለምን ትለቁታላችሁ፣ እብደት አይደለም ወይ?" ብለው ጠይቀዋል። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቻችንም ሁሉ ይጠይቁናል። መልሱ እንደ ውሃው ነው። የግድ መልቀቅ ያለበት ወንዝ አለ፣ ምልክቱም ዳር ላይ ተተክሏል። በአብዛኛው ቦታ ግን አንድ ሰው በቀን አራት ትራውት ይዞ መሄድ ይፈቀድለታል። መብላት የፈለገ እንዴት እንደሚያርድና እንደሚያጸዳ እናሳየዋለን። መልቀቅ የፈለገ እጁን አርጥቦ፣ ከውሃ ብዙ ሳያወጣ እንዲለቅ እናሳየዋለን። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለአባቶች ትተናል። እዚያ ውስጥ አታስገቡን።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

ትምህርቱ ወደ ሴፕቴምበር ይመለስ፤ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ይዘለል። ጁን ላይ የኩሬ ቀን ብቻ ይሁን። አርባ የሚለው ቁጥር ይነሣና የተማሪው ብዛት ባለው አስተማሪ ቁጥር ይወሰን፤ የሚወስነውም በዚያን ቀን ውሃው ዳር የሚቆመው ሰው ይሁን። ክፍያው ይቅር። ገንዘብ ከተቸገራችሁ ሒሳቡን አሳዩንና አብረን መዋጮ እንለምን፤ ለዚህ እምቢ አንልም። በክፍያው የተነሣ ስማቸውን ላስወጡት ቤተሰቦች ደግሞ ቦርዱ ራሱ ደውሎ ይንገራቸው።

ደረቅ ክፍል ይሰጠን። ትልቅ መሆን የለበትም። ዘንግ የሚቆምበት ማዕዘንና ዌደር የሚሰቀልበት ሽቦ ካለው ይበቃናል። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእናንተ እጅ። የተሰበሩት ዘንጎች ይተኩ፤ የዝርዝሩን ወረቀት ከፎቶው ጋር በኢሜይል ልከናል። ለፍላዩ ባለቤት ለጎረቤታችን ደግሞ ከቦርዱ አንድ ሰው ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ። በስልክ አይደለም፣ በአካል።

የሴቶቹ ጠዋት እንደነበረ ይቀጥል። መቅረት አለበት ካላችሁም መጀመሪያ ሴቶቹን ሰብስባችሁ ጠይቁ። ስለ ኢንሹራንሱና ስለ ምዝገባው ጠበቃ ወይም ኢንሹራንስ ኩባንያው የጻፈው ነገር ካለ ይሰጠን። ከእንግዲህ ስለዚህ ትምህርት ስትነጋገሩ ከእኛ አንድ ሰው ይኑር። ድምፅ ባይሰጥም ይቀመጥና ይስማ፣ ሲጠየቅም ይመልስ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እንጠብቃለን። የዓመቱ ላይሰንስ ከማርች 1 ጀምሮ ስለሚሠራ ተማሪዎቻችን የሚደውሉልን በዚያ ሰሞን ነው፤ "ዘንድሮስ መቼ ነው?" ሲሉን የምንነግራቸው ቀን ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የጀማሪዎች ፍላይ ፊሺንግ ትምህርት አስተባባሪ
በበጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎቹ ስም
ኮሎራዶ